ትርፍ ሞተር

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5 ቀን 1970

ሁለት ሞተር ለአንድ ሰው ትርፍ ነው አሉኝ። ትርፍ ቤት እንደተወረሰ ትርፍ ሞተርም ይወረሳል። እንዲህ የሚል አዋጅ መቼ ወጣ ብዬ ብጠይቅ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጠረጴዛውን በጡጫ ነረተና «አዋጁ እኔ ነኝ!» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄን መቁረጥ አሰኘኝ።

እስከ ሐሙስ አንዷን መርጬ እንዳስረክብ ታዝዣለሁ፤ ወይ የእንግሊዟን፣ ወይ የጣሊያኗን። ለአብዮት ጥበቃው ሥራ ነው አሉ። ሥራቸው ምን እንደሆነ ናዝሬት ውስጥ የማያውቅ የለም። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ተዘርግቶ እናየዋለን።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ዛኒጋባው ውስጥ ላለችው ለሮማን ነገርኳት። ታናሽ እህቴ ናት። ከሞተሮቹ ጀርባ፣ ከጆንያና ከሣጥን ኋላ ከተደበቀች ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኗ። ፀረ አብዮት ወረቀት በትናለች ተብላ ትፈለጋለች፤ ቤቴን ፈትሸው፣ ሸሽታለች ብለው ትተውኛል። አብረዋት ይፈለጉ ከነበሩት አራት ልጆች ሦስቱ የሉም። አቦምሳ አክስታችን አለች፤ እዚያ ከደረሰች የሚያውቃት የለም። በአውቶቡስ አይሞከርም፣ በየኬላው እያስወረዱ ፊት ለፊት ያያሉ። ያለን ሞተር ብቻ ነው። ስለዚህ ተሳስቼ ደህናዋን ካስረከብኩ እህቴን አስረከብኩ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6

ወደ ክሊኒክ ስሄድ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሁለት ልጆች ተጥለው ነበር። ደረታቸው ላይ የተጻፈ ወረቀት አለ። አንደኛው ጫማውን ወስደውበታል፤ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተጥፏል፣ ክሩ አዲስ ነው። ቆሜ ባይ ዘመድህ ነው ወይ ስለሚሉኝ አለፍኩ። ቀኑን ሙሉ ያ ካልሲ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከምሳ በፊት ከቀበሌ ተጠራሁ። ድሬሰር ስለሆንኩ ነው የሚጠሩኝ። ወፌ ላላ ገልብጠው የገረፉትን ሰው ውስጥ እግሩን አጥባለሁ፣ በፋሻ እጠቀልላለሁ፣ ሻል ሲለው እንደገና ይገርፉታል። የዛሬው ተረከዙ ተገልጦ አጥንቱ ይታያል። «ለነገ ይደርሳል?» አለኝ ጌታሁን፣ ለገበያ ስለሚደርስ ዱቄት የሚጠይቅ ይመስል። የአብዮት ጥበቃው አዛዥ እሱ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ፣ የሰፈሬ ልጅ። ትንሽ ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ያሰርኩለት እኔ ነኝ። «በሳምንትም አይደርስ» አልኩት። ጉሮሮውን ማነቅ አማረኝ። እጄን በአልኮል ታጥቤ ወጣሁ።

ከሥራ መልስ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። እንዳልሳሳት እጽፈዋለሁ።

የጣሊያኗ፦ ዕድሜዋ ከኔ ጥቂት ቢያንስ ነው። ድሮ ቀይ ነበረች፤ አሁን የቱ ቀለም የቱ ዝገት እንደሆነ አይለይም። አንድ ፒስተን። ማርሿ በእጅ ነው፣ ከቤንዚኑ ሰልባትዮ ጎን ያለ ዘንግ። ስትሄድ ወፍጮ ቤት ናት፣ ዱቡ ዱቡ ዱቡ። ከሰባ ኪሎ ሜትር በላይ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ብትሰጣት አታማርርም። በዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አልቀረችም። ኮርቻዋ ቂጥ ይልጣል። መልኳ ያሳፍራል፤ ሠርግ ቤት በር ላይ አቁሜያት አላውቅም።

የእንግሊዟ፦ አሥራ ስምንት ዓመቷ። ጥቁር፣ ፊት የሚያሳይ ሰልባትዮ። ሁለት ፒስተን። መቶ አርባ ትሄዳለች፤ ከወለንጪቲ ናዝሬት ሩብ ሰዓት አይሞላም። ድምጿ ሆድ ያላውሳል። ስትነሳ ትራገጣለች፤ አምና ቅልጥሜን ብላኝ ሦስት ሳምንት አነከስኩ። ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ካንዴላ ትጨርሳለች፣ አሸዋ ላይ ሰካራም ናት። ስንት ጊዜ ገፍቻት ቤት እንደገባሁ አልቆጠርኩም። አንድ ሌላ ጠባይ አላት። የእግር ፍሬኗ በግራ ነው፣ በቀኝ እግር ያለው ማርሽ ነው። አሁን አገሩን የሞሉት አዳዲስ ሞተሮች ተቃራኒ ናቸው። በእነሱ የለመደ ሰው ፍሬን ያዝኩ ብሎ በቀኝ እግሩ ሲረግጣት ማርሽ ይጨምርላታል። እኔም ለመልመድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ የጎረቤት አጥርም አፍርሻለሁ።

እውነቱን ልጻፍ፣ የምወደው የእንግሊዟን ነው። እሷን ለጌታሁን ከመስጠት ጥርሴን ባስነቅል ይሻለኛል። ሮማን ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና «ጋሼ፣ እኔ የሞትኩ ቀን እንዲህ ታዝናለህ?» ብላ አሾፈችብኝ። ሳቅኩ። ቀጥላ «መንገድ ላይ የማትቆመዋን አስቀር» አለች። ተናደድኩባት። ልክ ስለሆነች ነው የተናደድኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 7

ሁለቱንም ይዘህ ና ተብዬ በየተራ ነድቼ ቀበሌው ግቢ አቆምኳቸው። ምርጫዬን ልናገር አፌን ሳልከፍት ጌታሁን የእንግሊዟ ላይ ተፈናጠጠ። የጣሊያኗን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ «ይሄን ቆርቆሮ ለራሱ ይያዘው» አለ። ጓዶቹ ሳቁ። እኔ ያዘነ ሰው መሰልኩ፤ በሆዴ እግዜርን አመሰገንኩ።

ከዚያ ሲያስነሳት አየሁ። እግሮቹን ያስቀመጠው እንደ አዲሶቹ ሞተሮች ነው። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ምናልባት ያ የድሮው ክንዱ ይሆናል፣ ቀረብ አልኩና «ጌታሁን፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ የዚህች ፍሬን...» አልኩ። አልጨረስኩም። በጥፊ አጮለኝ። «ጓድ ጌታሁን በል! አንተ ንዑስ ከበርቴ፣ እኔን ሞተር ልታስተምር ነው?» ጆሮዬ ጭው አለ። ሰፈርተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። የከንፈሬን ደም ዋጥኩና ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ወረቀት አቀረቡልኝ። «አንድ ሞተር ሳይክል ያለ ጉድለት አስረክቤያለሁ» ይላል። ፈረምኩ። ጉድለት የላትማ።

ልነግረው ጀምሬ ነበር። ይህን እዚህ የምጽፈው ለማን እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ፣ መጋቢት 8

ክሊኒክ ሆኜ ድምጿን ሰማሁ። ከመቶ ሞተር መሃል እለያታለሁ። መርፌውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ጌታሁን አንድ ሰውን እጁን በገመድ ጠፍሮ ከሞተሯ ኋላ አስሮታል። በገበያው መሃል ያስሮጠዋል። ሰውየው ጨው ነጋዴ ነው፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው። መጀመሪያ ሮጠ። ቀጥሎ ወደቀ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ፣ ከሱሪው ቀጥሎ ጉልበቱ። ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ሽንኩርታቸው አዞሩ። «እናንተስ አርፋችሁ አትነግዱም!» ይላል ጌታሁን፣ እየሳቀ። በዝግታ ስለሚሄድ የሚያቆማት በእጅ ፍሬን ነው። ሁለት ጊዜ ግን በቀኝ እግሩ ሲረግጥ አየሁት። ሞተሯ ተንተከተከችና ልትጠፋ ስትል ሰደባት። አልገባውም። ጥፋቱ የሷ መስሎታል።

ትጣልህ አልኩ። አንገትህን ትስበርህ አልኩ። ይህን ያልኩት በገዛ አፌ ነው።

ቤት ገብቼ ትልቁን ቁልፍ አነሳሁና የዛኒጋባውን በር እስኪሰነጠቅ ቀጠቀጥኩት። በሞተሬ ነው ሰው የጎተተው። ረቡዕ ማታ ያጸዳኋት ሞተር። ሮማን «ሰው ይሰማል፣ በእናትህ» እያለች አለቀሰች። መዳፌ ቆስሏል።

እሑድ እንወጣለን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከተማው በሙሉ ለስብሰባ አዳራሽ ይገባል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ለክትባት ሥራ ብዬ እስከ ዴራ የይለፍ ወረቀት አስጽፌያለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

የተዘጋጀ፦ ቤንዚን ሙሉ። አንድ ትርፍ ካንዴላ። የጎማ ማጣበቂያ። የክትባት ሣጥን (ባዶ ነው፣ ለኬላ ማሳያ)። ፋሻ፣ ደም ማቆሚያ ላስቲክ። ቆሎ። ለሮማን የእናታችን ነጠላ፣ ፊቷን እንድትሸፍንበት። የክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ ናት እላለሁ።

ያልተዘጋጀ፦ እኔ።

ቦርሳዬን ስፈትሽ ከፋሻው ሥር አራት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የሚበተነው ወረቀት። «ለአቦምሳ ልጆች ነው» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። በጥፊ መታኋት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳትን ልጅ፣ ሐሙስ ዕለት ጌታሁን እኔን እንደመታኝ አድርጌ። ጉንጯ ላይ ጣቶቼ ቀሩ። አላለቀሰችም። «አንተም ከእነሱ ተማርክ» አለችኝ።

ወረቀቶቹን አቃጠልኳቸው። ይቅርታ ልጠይቃት ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በአራተኛው ሻይ አፍልቼ ወሰድኩላት፤ ጠጣችው።

እሑድ፣ መጋቢት 10፣ አቦምሳ

ደርሰናል። ሮማን አክስቴ አልጋ ላይ ተኝታለች። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ኬላው ላይ ያለው ዘበኛ ወረቀቴን ገልብጦ አየና አሳለፈን። ገና ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ጌታሁን ከፊት ለፊታችን መጣ። ብቻውን ነው፣ ስብሰባው ሳይገደው ከሶደሬ ፍል ውኃ ታጥቦ ይመለሳል፤ ፎጣው አንገቱ ላይ። ጎን ለጎን ስንተላለፍ የሞተሯ ነፋስ የሮማንን ነጠላ ገለጠው። የአንድ ሰፈርና የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፣ ያውቃታል። በመስታወቴ ሲዞር አየሁ።

የጣሊያኗን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኳት። ስልሳ አምስት። ሁለት ሰው ተሸክማ ከዚያ በላይ አልሄድ አለች። የእንግሊዟ ድምፅ ከኋላ እየወፈረ መጣ። አንድ ጥይት ተኮሰ። ሁለተኛው የክትባት ሣጥኑን በስቶ ወጣ፤ ሮማን ጀርባዬን ነክሳ ያዘች። መንገዱ ወደ አዋሽ ድልድይ ቁልቁል ይወርዳል። ድልድዩ አፍ ላይ ሸንኮራ የጫነ መኪና ከነተሳቢው ቆሟል፤ ሾፌሩ የተነፈሰ ጎማ ይቀይራል። በስተግራ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። እጄን ዘንጉ ላይ አድርጌ ማርሽ ቀነስኩና ሾልኬ ገባሁ።

ጌታሁን ለመተኮስ ቀኝ እጁን ከመሪው አንስቷል። የእጅ ፍሬኑ ያለው በቀኝ ነው። የቀረው እግሩ ብቻ ነው። ሰማሁት። ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም። ረገጠ፣ ማርሽ ጨመረች። ደግሞ ረገጠ፣ ደግሞ ጨመረች። ከዚያ ብረት በብረት ላይ።

ቆምኩ፣ ተመለስኩ። ተሳቢው ሥር ነው። የግራ ጭኑ ከብሽሽቱ ዝቅ ብሎ ተቀዷል፤ ደሙ ይፈናጠራል። እንዲህ ያለውን ክሊኒክ ውስጥ ስንቴ አስሬያለሁ። ላስቲኩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ተንበረከክሁ። «ዶክተር» አለኝ፣ በልጅነቱ እንደሚጠራኝ። ከዚያ ዓይኑ ከኋላዬ ሄደ። «ሮማን! አየሁሽ» አላት። ፈገግ ያለ መሰለኝ።

እጄ ቆመ። ላስቲኩ እጄ ውስጥ ነው። ሮማን ሸሚዜን እየጎተተች «ጋሼ እሰርለት! እሰርለት እንጂ!» ትላለች። ጨው ነጋዴውን አሰብኩ። ካልሲውን አሰብኩ። ውሸት ነው፣ ምንም አላሰብኩም። ደሙ መፈናጠሩን ትቶ መፍሰስ እስኪጀምር፣ መፍሰሱንም እስኪተው ድረስ ተንበርክኬ አየሁት። ብዙ አልቆየም።

ቀና ስል ሾፌሩ የጎማ መፍቻውን ይዞ ቆሟል። ሽበታም ሰው ነው። ላስቲኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ልጅቷን አየ። «ዴማ» አለ፣ ሂዱ ማለቱ ነው። «ሂዱ። እኔ ጎማ ስቀይር ነበርኩ፣ ምንም አላየሁም።»

አቦምሳ ስንደርስ አክስቴ እልል አለች፤ ሮማን ውኃ ጠየቀች። እጇን ደጋግማ ታጠበች። እህቴ ድናለች። ይህን ደግሜ እጽፈዋለሁ፣ ድናለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 11

ተመለስኩ። ብቀር ጥርጣሬው በቀጥታ ወደ አክስቴ ቤት ይመራቸው ነበር። ሮማን ልሰናበታት ስገባ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር።

እንደደረስኩ የተበሳውን ሣጥን ሰባብሬ አነደድኩት። ሳልጨርስ ከቀበሌ ተጠራሁ። ጌታሁን ስብሰባ በምናደርግበት ጠረጴዛ ላይ በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍኗል። የሞቱን ምክንያት ጻፍ አሉኝ። «የጭን ደም ሥር ተቆርጦ ደም በመፍሰሱ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም እውነት ነው። እናቱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አንተ ብትኖር ኖሮ ልጄ አይሞትም ነበር» ስትል እንባዋ ኮሌታዬ ውስጥ ገባ።

ሊቀመንበሩ የጌታሁንን ሽጉጥ እያገላበጠ «ሁለት ጥይት ጎድሏል። በማን ላይ ነው የተኮሰው?» ይላል። ሾፌሩን ይዘውታል። ኦቦ ገመቹ ይባላል፣ ወንጂ ነው ቤቱ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

አልጠሩኝም። ሾፌሩ ፋሻ የሚያስፈልገው ደረጃ አልደረሰም ማለት ነው ወይስ አልፏል?

አንድ ቃል ከተናገረ አለቀልኝ። ከኔ ቀጥሎ ሮማን። ዛሬ ሦስት ሕፃናት ወግቼ የሦስቱንም ቦታ ስቻለሁ፤ እናቶቹ ተቆጡኝ። ምሳ ሰዓት ላይ የጣሊያኗን ሰልባትዮ ከፍቼ አየሁ፣ ግማሽ አለ። መተሐራ ያደርሳል። ከዚያስ? አንድ ሽማግሌ ስለኔ እየተገረፈ እኔ የቤንዚን ልክ እለካለሁ። ክዳኑን ገጠምኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13

በአራት ሰዓት ጠሩኝ። የኦቦ ገመቹ ውስጥ እግሩ እግር አይመስልም። የግራው ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ አንድ ዓይኑ ተዘግቷል። ሳጥብለት በአንዱ ዓይኑ አወቀኝና «ለምን ተመለስክ?» አለኝ፣ በትንፋሽ ብቻ። ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። «ከምሳ በኋላ እንቀጥላለን፣ ቶሎ ጨርስ» አለኝ።

በዚያች ሰዓት ያደረግሁትን አስቤበት ነው ልል አልችልም። የሽማግሌውን ሸሚዝ ገለጥኩ፣ ብብቱን አየሁ፣ ግንባሩን ነካሁ፣ ከዚያ ዘልዬ ወደ ግድግዳው ሸሸሁ። «ተስቦ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ቅማሉ ይርመሰመሳል! ማነው አብሮት ያደረው?» ሦስቱ ጠባቂዎች እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የሚተኙት። አንደኛው ያን ጊዜውኑ ሸሚዙን አወለቀ። ሊቀመንበሩ ሲጋራውን ጣለ። «ይረሸንና ነገሩ ይለቅ» አለ። «ሬሳው የባሰ ነው» አልኩት፣ «ሬሳ ሲቀዘቅዝ ቅማሉ የሞቀ ሰው ፍለጋ ይወጣል። የነካው ሁሉ ይያዛል። ማን ያነሳዋል?» ተያዩ። ማንም አነሳለሁ አላለም። «ከዓይኔ አጥፋው!» አለ ሊቀመንበሩ፣ ወደ ኋላው እየሄደ። ያን ሁሉ ሰው የገደለ ሰው ቅማል ፈርቶ አጥር ሥር ተለጠፈ። ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

ማንም ሳይረዳኝ ተሸክሜ የጣሊያኗ ላይ አስቀመጥኩት። እግሮቹ መሬት እንዳይነኩ በፋሻ ከጉልበቱ አጥፌ አሰርኳቸው። በመጀመሪያው ረገጣ ተነሳች። የወንጂን መንገድ በዝግታ ያዝኩ፤ ሸንኮራው ከሁለቱም ወገን ቆሟል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ግማሽ መንገድ ላይ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«ያንን ልጅ ብታስርለት ይድን ነበር?»

ልዋሽ እችል ነበር፣ የሕክምና ነገር ነው፣ አያውቅም።

«ይድን ነበር» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ወንጂ እስክንገባ፣ ወገቤን የያዘበትን እጁን አልለቀቀም፣ አላጠበቀምም።

ሚስቱ እግሩን ስታይ ደረቷን መታች። ጎረቤቶች ተሸክመው አስገቡት። ትንሽ ተረጋግታ ስታየኝ እጄን ይዛ ሳመችው፤ ነጠቅኳት፣ ደግማ ያዘች። ወደ አልጋው ዞራ «ያዳነህ ይሄ ሰው ነው?» አለችው። ኦቦ ገመቹ በዚያ በአንድ ዓይኑ ረዥም ጊዜ አየኝ። ሊናገር ነው ብዬ ወደ በሩ አየሁ።

«እሱ ነው» አላት።

ፋሻውን ለመቀየር ቅዳሜ እመለሳለሁ ብያቸዋለሁ።